የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፕሮፌሰር

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በቤተሰብ ውርስ ሲከፈል “በሸሪዓው ነው ወይስ በመንግሥቱ ሕግ?” የሚለው ጥያቄ አዲስ አይሆንባችሁም። ጥያቄው በአገራችን ከየት እንደ መጣ ለመረዳት አንድ የሕግ ፕሮፌሰርን ማወቅ ይጠቅመናል።

ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1906 ፓሪስ ተወለዱ። በግሬኖብል፣ ኋላም በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ሙያቸው የተለያዩ አገሮችን ሕጎች ማነጻጸር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1976ም የኢራስመስ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን ሲያቋቁሙ የፍትሐ ብሔሩን ሥራ የሰጡት ለእሳቸው ነው። ረቂቁን የጻፉት በፈረንሳይኛ ነው። የሕግ ተማሪዎች የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ቅጂ ሲያስተያዩ ግራ የሚጋቡት በከፊል በዚህ ይመስለናል። 3,367 አንቀጾች ያሉት ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ሥራ ላይ ዋለ።

እኛን የሚመለከተው የቀረው ክፍል ነው። ረቂቁ ስለ ሙስሊሞች ጋብቻ ልዩ ድንጋጌዎች ነበሩት፤ በታወጀው ሕግ ውስጥ ግን አልገቡም። ስለዚህ ጥፋቱን በፕሮፌሰሩ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይደለም፤ የመጨረሻውን ቃል የተናገሩት ሕግ አውጪዎቹ ናቸው። አንቀጽ 842 የሟች ልጆች እኩል ይካፈላሉ ይላል፤ በፈራኢድ ግን የወንድ ልጅ ድርሻ የሴት ልጅ እጥፍ ነው። አንቀጽ 3347 ደግሞ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የቀድሞ ደንቦች፣ የተጻፉትንም የልማዱንም፣ ሻረ። ቃሉን እንዳለ ብንወስደው፣ እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣው አዋጅ በጋብቻ፣ በውርስና በወቅፍ የመዳኘት ሥልጣን ያገኙት ቃዲዎች የሚፈርዱበት ሕግ አልቀረላቸውም ነበር። እነሱ ግን መፍረዳቸውን ቀጠሉ፤ መንግሥትም አልዘጋቸውም። ለዓመታት ሥራቸው የቆመው በሕጉ ፊደል ሳይሆን በሕዝቡ ልማድና በመንግሥት ዝምታ ላይ ነበር።

ይህን ክፍተት የሞላው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረው ተደራጁ። እዚህ ላይ ትልቁ ቃል “ፈቃድ” ነው። አንዲት የአዲስ አበባ ሙስሊም ሴት በውርስ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት አልዳኝም ብላ ስትቃወም፣ ፍርድ ቤቱ ተቃውሞዋን አልፎ ፈረደ። ጉዳዩ በይግባኝና በሰበር ሄዶ በመጨረሻ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተሰጠውን ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው።