ከመደርደሪያዬ ላይ ጥቂት አልበሞች

ከሁሉ የምትወደውን አልበም ምረጥ ብባል ይቸግረኛል። ለአዲስ አድማጭ የትኛውን ታስቀድማለህ ብባል ግን ሳላመነታ የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አነሣለሁ። በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ የተሠራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሙላቱ እንግሊዝ አገር ሙዚቃ ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ ገብቶ፣ በላቲን ምት ሁለት ሸክላዎች ካወጣ በኋላ የመጣ ሥራ ስለሆነ ቫይብራፎኑም፣ ኮንጋውም፣ ሳክስፎኑም በየቦታቸው አሉ። ግን «ኩሉን ማን ኳለሽ» ሲመጣ የሐበሻ ሠርግ የለመደ ጆሮ ቀጥ ይላል። ዜማው ያው ሙሽራ ሲታጀብ የሚዘፈነው ነው፤ ሙላቱ ግን ከሥሩ ሌላ ምት አንጥፎለታል። የሚገርመኝ ሁለቱ አለመጣላታቸው ነው።

ሥራው እንዲህ በቀላሉ የሚሆን አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ቅኝቶች ናቸው። የጃዝ ኮርድ ደግሞ ከዚያ በላይ ድምፅ ይፈልጋል። ኮርዱ ከበዛ ቅኝቱ ይጠፋል፣ ካነሰም ጃዝነቱ ይቀራል። ሙላቱ ዜማውን በአምስቱ ድምፅ ላይ አጽንቶ ሌላውን ከጀርባ በጥንቃቄ አስገባው። ይህን ሰምቼ ስጨርስ ቀጥዬ የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አደርጋለሁ። በ1959 ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ቀን ብቻ የፈጀ ነው። ማይልስም በላይ በላይ ኮርድ ከመቀያየር ይልቅ አንድ መደብ ይዞ መቆየትን መረጠ። መሰንቆ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን አልበም ለመውደድ አስረጂ አያሻውም።

አዲስ አበባ የተቀረጹት ሸክላዎች ሌላ ጠባይ አላቸው። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ አምኃ እሸቴ በ1969 አዋጁን ተጋፍቶ የራሱን አሳታሚ ድርጅት ከፈተ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ነጠላ ሸክላዎችና ጥቂት አልበሞች አወጣ። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ፊቱ ከአራት አምስት ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ መንዛዛት የለም፤ ነፋሾቹ መግቢያውን ቶሎ ይዘጋሉ፣ ድምፃዊው ወዲያው ይገባል። በዚያ ዘመን ዘፈኖች ላይ የምሰማው ጥድፊያ ገሚሱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

የማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» የዚያው ዘመን ነው፤ ካይፋ ሪከርድስ በ1975 ያሳተመው፣ አይቤክስ ባንድ ያጀበው። ቤዙ አንድ ቦታ ይመላለሳል፣ ሳክስፎኖቹ ይመልሱለታል፣ ማሕሙድ በመካከላቸው ድምፁን እያንቀጠቀጠ ይሄዳል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ይህን ሙዚቃ በ1986 ቤልጂየም ባለው ክራምድ ዲስክስ በኩል ለአውሮፓ አሰማ፤ በ1997 ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ ሲዲዎች ጀመረ። ባለውለታችን ነው። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ከነዚህ ሲዲዎች የተነሣ የውጭው አድማጭ ሙዚቃችን በደርግ መምጣት ያበቃ ይመስለዋል።

አላበቃም፤ ወደ ካሴት ተዛወረ እንጂ። ማስረጃዬ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ የሠራው ካሴት ነው። ኃይሉ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩን ሁሉንም ራሱ ተጫወተ፤ ከበሮውን ለማሽን ተወለት። ድምፃዊ የለበትም። ወዳጆቼ ያ የማሽን ምት ይደብራል ይሉኛል። እኔ ደግሞ ምቱ እንደዚያ ደረቅ ባይሆን አኮርዲዮኑ ያን ያህል ባልናፈቀ ነበር ባይ ነኝ። የነጠላ ሸክላው ጥድፊያ እዚህ የለም፤ የካሴት ገጽ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚይዝ ዜማው ተዝናንቶ ይሄዳል። ኃይሉ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ይህችኑ ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና ሲያሳትማት ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበምም አወጣ።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ከሌላ ሥራ ጋር ደባልቄ አላዳምጥም። ጀርመን አገር በ1960ዎቹ ካስቀረጿቸው የተወሰዱ ሥራዎች ያሉበት ሲዲ በ2006 የኢትዮፒክስ 21ኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ። ቀኝ እጃቸው በቅኝታችን ያዜማል፣ ግራው የአውሮፓን ቫልስ የሚመስል ነገር ይዞ ይከተላል፤ ምቱን ግን እንደ ልባቸው ያዘገዩታል። ጊዜ ቆጣሪ ሙዚቀኛ አብሯቸው ቢቀመጥ ይጨንቀው ነበር። በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

የጂጂ የ2001 አልበም ላይ አዘጋጁ ቢል ላስዌል እነ ኸርቢ ሃንኮክንና ዌይን ሾርተርን አምጥቷል። ቅንብሩ አንዳንድ ቦታ ይጫናል፣ ያን ያህል መሣሪያም አያስፈልገውም ነበር። «አድዋ» ላይ ግን የጂጂ ድምፅ ሁሉንም ወደ ኋላ ይተዋቸዋል።

እናንተም ቤት የቆየ ካሴት ካለ ክሩ ሳይጣበቅ ወደ ዲጂታል አስገልብጡት። ሽፋኑንም አትጣሉ፤ የአቀናባሪውና የባንዱ ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ላይ ብቻ ነው።