ሦስት እጀታ ያለው ጀሪካን

ጀሪካን የማያውቅ የለም፤ ለነዳጅ ተብሎ የተሠራውን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ጀርመኖች በ1937 እ.ኤ.አ. ለጦር ሠራዊታቸው ያወጡት ባለ 20 ሊትሩ የብረት ጀሪካን ማለቴ ነው። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ የራሳቸው ቆርቆሮ እያፈሰሰ ሲያስቸግራቸው የማረኩትን ይዘው ተዋጉ፤ በኋላም አስመስለው ሠሩት።

ሦስቱ እጀታዎች ያለ ምክንያት አልተደረደሩም። ሙሉውን አንድ ሰው በመሐለኛው ያነሣዋል፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ የዳሩንና የዳሩን ይዘው ይካፈሉታል። ባዶ ከሆኑ ሁለት ጀሪካኖችን ጎን ለጎን በአንድ እጅ ማንጠልጠል ይቻላል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን አፉ ውስጥ ያለችው ቀጭን የአየር ቱቦ ናት። ሲያዘነብሉት ነዳጁ በአንድ በኩል ሲወጣ አየር በቱቦዋ ይገባል፤ ስለዚህ ሳይቋረጥና ሳይረጭ ይቀዳል። ከእጀታው ሥር ያለው ጉብታም ሲሞላ አየር ይዞ ይቀራል። ቤንዚን በሙቀት ሲሰፋ መፈናፈኛ ያገኛል፤ ጀሪካኑም ሞልቶ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል።

አሜሪካ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትነትን ለመቀነስ ባወጣችው ደንብ ምክንያት ብዙ አምራቾች የአየር ማስገቢያውን አስቀሩ። ተጠቃሚው አሁን ከማፍሰሻ አፍንጫው ጋር እየታገለ ነዳጅ መሬት ላይ ያፈሳል። የእኛ ችግር ደግሞ ሌላ ነው።

ወልቂጤና ቡታጅራ አካባቢ ብዙ ሰው ቤንዚን የሚይዘው የምግብ ዘይት በመጣበት ቢጫ ጀሪካን ነው። «ዘይት ከያዘ ቤንዚንም ይይዛል» ይባላል። አይይዝም። ዘይት አይተንም፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች ባለ ቅዝቃዜም ጭምር የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየሄደ የከሰል ምድጃ ጋ ይደርሳል። ክዳኑ እንዳያፈስ የሚወተፈው ፌስታልም ትነት አያግድም።

ቡታጅራ ላይ ለውሃ ፓምፓቸው ቤንዚን የቀዱ አንድ ገበሬ ጀሪካኑን ባጃጅ ላይ ሲጭኑ የጀሪካኑ ሆድ ተነፍቶ አየሁ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አብጧል» አልኳቸው። «ታዲያ ሌላ ከየት ላምጣ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በጀሪካንና በበርሜል ነዳጅ እንዳይሸጥ በተደጋጋሚ ተከልክሏል፤ ኮንትሮባንድን ለመግታት ነውና ምክንያቱ ይገባኛል። ይሁንና የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር ማደያ ድረስ አይነዱም። ስለዚህ ገበሬው በጀሪካን ለመቅዳት የድጋፍ ደብዳቤ ያጽፋል። እኔ ያየኋቸው ደብዳቤዎች ስንት ሊትር እንደሚቀዳ ይናገራሉ፤ በምን ዕቃ እንደሚቀዳ ግን አንድም ቃል የላቸውም።

እባካችሁ፣ ጀሪካኑን ፒክአፕ ላይ እንዳለ አትሙሉት፤ መሬት ላይ አውርዱት፣ የመቅጃውን ጫፍ አፉ ላይ አስነኩት፣ እስከ አፉም አትሙሉት። በመፋተግ የሚፈጠር ብልጭታ አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ደብዳቤ የሚጽፈው አካል ደግሞ አንድ መስመር ይጨምር፦ የሚቀዳው ለነዳጅ በተሠራ ዕቃ ብቻ ይሁን። ገበሬዎች በማኅበራቸው በኩል በቅናሽ የሚገዙበት መንገድም አብሮ ይመቻች፤ ዕቃው በሌለበት መከልከሉ ብቻ ቢጫውን ጀሪካን ከማደያው ጀርባ ከመደበቅ አያልፍም።