ሜዳውን ማን ይመርጠዋል?

የኳስ ወሬ ሲነሣ የሁላችንም አፍ የሚሮጠው ወደ ውጤቱ ነው። ማን አሸነፈ? ስንት ለስንት? ማን አገባ? “የት ተጫወቱ? ለምን እዚያ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አይገጥመንም። እኛ ቀራንዮ ያለን ልጆች የሊጉን ጨዋታ የምናየው ባብዛኛው በቴሌቪዥን ስለሆነ፣ ሜዳው አዳማም ይሁን ሐዋሳ ለዓይናችን ያው አረንጓዴ ሣር ነው። ነገር ግን ከዚያ ሣር በስተጀርባ አንድ ትልቅ ውሳኔ አለ። የአንድ የውድድር ዘመን ጨዋታዎች በየትኞቹ ከተሞች፣ በየትኛው ወር፣ በምን ቅደም ተከተል ይካሄዱ? የሚለው ውሳኔ ማለቴ ነው። በዚህች ጽሑፍ ይህ ምርጫ በምን በምን እንደሚመዘን ላስረዳና፣ ከሚዛኑ ላይ ጎደለ የምለውን አንድ ነገር ላክል።

በቅድሚያ የድሮውን አሠራር እናስታውስ። ሊግ ሲባል እያንዳንዱ ክለብ ከሌላው ጋር ሁለት ጊዜ ይገናኛል፤ አንዱን በሜዳው፣ ሌላውን ከሜዳው ውጪ። “ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ” እንዲሉ፣ ሜዳውን የሚያውቀው ባለሜዳው ነው። 16 ክለቦች ካሉ እያንዳንዱ 30 ጨዋታ ያደርጋል፤ 15ቱ እቤቱ ነው። በጠቅላላው 240 ጨዋታ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ አሠራር ሜዳ የሚመርጥ ኮሚቴ ብዙም አያስፈልግም፤ ክለቡ ያለበት ከተማ ራሱ መልስ ነው። ችግር የሚመጣው ጸጥታ ሲደፈርስ ነበር። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በደጋፊዎች ግጭትና በጸጥታ ሥጋት ምክንያት አንዳንድ ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ ሲዛወሩ አይተናል።

ከዚያ ኮሮና መጣ። የ2012ቱ ውድድር ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ ሲመለስ ሦስት ነገሮች ባንድ ላይ ተገጣጥመው ነበር። አንደኛ፣ ወረርሽኙ ቡድኖች በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ እንዳይመላለሱ ያስገድዳል። ሁለተኛ፣ ሊጉን የሚመራው አዲስ አካል፣ ማለትም የፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር፣ ሥራ ጀምሯል። ሦስተኛ፣ ጨዋታዎቹን በዲኤስቲቪ ለማስተላለፍ የአምስት ዓመት ውል ተፈርሟል። ስለዚህ ሁሉም ቡድኖች ባንድ ከተማ ይሰባሰቡ፣ የተወሰኑ ሳምንታት እዚያ ይጫወቱ፣ ከዚያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሂዱ ተባለ። በዚያ ዓመት ተራው የደረሳቸው አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። በ2014 ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማና ባሕር ዳር ሆኑ። በ2015ም እነዚሁ አራት ከተሞች ቅደም ተከተላቸው ተለውጦ አስተናገዱ። ኮሮናው ቀለል ካለ በኋላም አሠራሩ ቀጠለ።

ታዲያ ከተማው የሚመረጠው በምን ነው? እኔ እንደተረዳሁት ሚዛኖቹ ስድስት ያህል ናቸው።

የመጀመሪያው ሜዳው ራሱ ነው። በድሮው አሠራር አንድ ሜዳ በሁለት ሳምንት አንዴ ቢረገጥ ነው። በአዲሱ ግን በ16 ክለቦች ሒሳብ በአንድ ሳምንት ስምንት ጨዋታ ባንድ ሣር ላይ ይወድቅበታል። ሣሩ መቻል አለበት፤ ውኃ የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ በጨዋታና በጨዋታ መካከል የሚንከባከበው ሰው ያስፈልገዋል። አንድ ከተማ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ማስተናገድ የሚከብደውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቴሌቪዥን ነው። ስምንት ጨዋታ በስምንት ከተማ ቢካሄድ ስምንት የካሜራ ቡድን፣ ስምንት የስርጭት መኪና ይጠይቃል። ባንድ ከተማ ከሆነ ግን አንድ ቡድን እዚያው ተቀምጦ በቀን ሁለት ሦስት ጨዋታ ያስተላልፋል። ጨዋታውን ወደ ማታ መግፋት ሲፈለግ ደግሞ የፓውዛ መብራት ግድ ይላል። ስለዚህ መብራት የሌለው ስታዲየም ሣሩ የቱንም ያህል ቢያምር ከመብራት ባለቤቱ ኋላ ይሰለፋል።

ሦስተኛው መኝታና ልምምድ ነው። 16 ክለብ ማለት ተጫዋቹ፣ አሠልጣኙ፣ ሐኪሙ ተደምሮ ብዙ መቶ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ ለሳምንታት የሚያሳድር ሆቴል፣ ከዋናው ስታዲየም ሌላ ደግሞ በርከት ያለ የልምምድ ሜዳ ያስፈልጋል። ሐዋሳ፣ አዳማና ባሕር ዳር ቀድሞም የስብሰባና የጉብኝት ከተሞች በመሆናቸው እዚህ ላይ ይጠቀማሉ።

አራተኛው መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐዋሳ 275 ገደማ፤ ድሬዳዋና ባሕር ዳር ግን እያንዳንዳቸው ከ500 ይበልጣሉ። ቡድኖቹ በየሳምንቱ መንገድ ባይወጡም ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘዋወሩ ርቀቱ ገንዘብ ነው።

አምስተኛው ሰማዩ ነው። ይህን ሚዛን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ባሕር ዳር ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ይበረታል። በ2014 የውድድሩ መዝጊያ ባሕር ዳር ነበረች፤ በ2015 ግን መክፈቻ ሆነች። ያው ከተማ፣ ያው ስታዲየም፣ ግን አንዱ ክረምቱ ሲገባ፣ ሌላው ክረምቱ ሲወጣ። ድሬዳዋ ደግሞ በተቃራኒው ሙቀቷ ነው የሚያስቸግረው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ በቀን ፀሐይ መጫወት ለማንም ከባድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው “የትኛው ከተማ?” ብቻ አይደለም፤ “የትኛው ከተማ በየትኛው ወር?” ነው።

ስድስተኛው ጸጥታ ነው። በ2013 በጦርነቱ ምክንያት ሦስቱ የትግራይ ክለቦች፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ፣ ሳይካፈሉ ቀርተው ሊጉ በ13 ክለቦች ነው የተካሄደው። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ በየሳምንቱ አንድ ክለብ ያርፍ ነበር። ሰላም ሲታጣ የሚጎድለው ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ተጫዋቹም አብሮ ይጎድላል።

ይህ ጣጣ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ናስካር የሚሉት የመኪና እሽቅድምድም አላቸው። የሚወዳደሩት መኪኖች መልካቸው ከፋብሪካ የወጣ የመንገድ መኪና ይመስላል፤ ውስጣቸው ግን ለሩጫ የተሠራ ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ በዋናው ውድድር ከየካቲት እስከ ኅዳር ነጥብ የሚያዝባቸው 36 ሩጫዎች አሉ። እዚያ “የኔ ሜዳ፣ ያንተ ሜዳ” የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ተወዳዳሪ ተያይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ልክ የኛ ሊግ ከ2013 ጀምሮ እንዳደረገው። ስለዚህ የሜዳ ምርጫ ለነሱ የዘመኑ ሁሉ መሠረት ነው። አጭር መም አለ፣ እንደ ብሪስቶልና ማርቲንስቪል፣ አንድ ዙሩ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ፤ ረጅም መም አለ፣ እንደ ዴይቶና፣ አንድ ዙሩ 4 ኪሎ ሜትር የሆነ። አንዱ ዓይነት ብቻ ከበዛ ለአንዱ ቡድን ያደላል፤ ስለዚህ ይቀላቅሉታል። አየሩንም ያሰላሉ፤ ዘመኑን የሚከፍቱት ሰሜኑ ገና በበረዶ ሳለ ፍሎሪዳ ላይ ነው።

ከነሱ ታሪክ ለኛ ይጠቅማል ያልኩት ግን የኖርዝ ዊልክስቦሮ ነገር ነው። ይህች በሰሜን ካሮላይና የምትገኝ ትንሽ ከተማ ከናስካር መነሻ ጀምሮ ሩጫ ታስተናግድ ነበር። መሟን ሌሎች ባለሀብቶች ገዙና፣ ከእ.ኤ.አ. 1996 በኋላ የሩጫ ቀኖቿን ወደ ቴክሳስና ወደ ኒው ሃምፕሻየር ትላልቅ መሞች ወሰዷቸው። ከተማዋ ሜዳዋ ሳይፈርስ ቀኗን ብቻ ተነጠቀች። አጥሩ ዛገ፣ ወንበሩ አረጀ። ሕዝቡ ግን አልረሳትም፤ በእ.ኤ.አ. 2023 መሟ ታድሶ የናስካር ኮከቦች ውድድር ተመለሰላት። ከኖርዝ ዊልክስቦሮ የምንረዳው፣ በስፖርት ውስጥ ከሜዳው በላይ ውድ የሆነው ነገር በመርሐ ግብሩ ላይ ያለው ቀን መሆኑን ነው። ቀን ከሌለ ስታዲየም ግንብ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2013 ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ጎንደር ላይ ግን አንድም የሊግ ጨዋታ አልተካሄደም። ለጎንደር ደጋፊ ቅርቡ ባሕር ዳር ነበረች፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ሐዋሳ እሄዳለሁ ያለ ደግሞ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ነበረበት። ቅዱስ ጊዮርጊስም በ2014 እና በ2015 በተከታታይ ዋንጫ ሲያነሣ አዲስ አበባ ከአስተናጋጆቹ መካከል አልነበረችም። የሸገር ደርቢ ሸገር ውስጥ አልተካሄደም ማለት ነው! በሌላ በኩል ሐዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማና ባሕር ዳር ከተማ ተራቸው ሲደርስ በገዛ ሕዝባቸው ፊት ይጫወቱ ነበር። ይህ የነሱ ጥፋት አይደለም፤ ሜዳ አዘጋጅተው ስለተገኙ ነው። ሆኖም አንዱ ክለብ ለሳምንታት ደጋፊ ሲኖረው ሌላው ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ከሆነ ሚዛኑ ያዘነብላል።

ይህን በቀራንዮ ዓይን እንየው። ከቀራንዮ ታክሲ ይዞ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ በባቡር ስታዲየም ወርዶ ጨዋታ ማየት ይቻላል። ብዙ ብር አይጠይቅም፤ ቀኑን ሙሉም አይወስድም። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ፣ ዳፍ ትራክ የሚባሉት ስሞች የተወለዱት እንዲህ በየሰፈሩ ተነሥቶ ስታዲየም በሚገናኝ ሰው ነው። ጨዋታው አዳማ ሲሆን ግን የደርሶ መልሱ ትራንስፖርት፣ ምግቡና የመግቢያው ተደምሮ ለቀን ሠራተኛ፣ ለሊስትሮ፣ ለተማሪ የሚሞከር አይሆንም። ሰፈራችን ውስጥ ክለቡን በዓይኑ ሳያይ፣ በስክሪን ብቻ እያወቀው የሚያድግ ሕፃን አለ። በስክሪን ከሆነማ የእንግሊዙ አርሴናልና ማንቸስተርም እዚያው ስክሪን ላይ አሉ፤ ያውም በተሻለ ካሜራ። የአገር ክለብ ከውጪው የሚበልጥበት አንዱ ነገር ሄደህ ልታየው መቻልህ ነበር።

የብሔራዊ ቡድናችንም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች። በ1954 አዲስ አበባ ብቻዋን፣ በ1960 አዲስ አበባና አስመራ፣ በ1968 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነበሩ የተመረጡት። በ2014 ግን ካፍ ስታዲየሞቻችን መሥፈርት አያሟሉም በማለቱ፣ በኅዳር ወር ከጋና ጋር “በሜዳችን” የተጫወትነው ጆሃንስበርግ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍም ባለሜዳ የነበርነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ያን የመሰለ ድል አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ከተማው እንዴት ይሆን እንደነበር አስቡት። መጸዳጃ ቤቱ፣ የመልበሻ ክፍሉ፣ ወንበሩ፣ መብራቱ ቀድሞ ያልተሠራለት አገር ሜዳ መራጭ መሆኑ ይቀርና ሜዳ ለማኝ ይሆናል።

በበኩሌ አዲሱ አሠራር ጥቅም የለውም አልልም። ጨዋታዎች በሰዓታቸው ተካሂደዋል፣ በቴሌቪዥን ታይተዋል፣ ከተሞችም ስታዲየማቸውን ለማሻሻል ምክንያት አግኝተዋል። የምለው ከስድስቱ ሚዛኖች ጎን ሰባተኛ ይጨመር ነው፤ ደጋፊው። ይህ ሚዛን ቢኖር ብዙ ነገር በቀላሉ ይስተካከል ነበር። ለምሳሌ ከተሞቹና ወራቱ ቀደም ብለው ቢታወቁ ደጋፊ ማኅበራት አውቶቡስ ተከራይተው፣ ገንዘብ አዋጥተው መዘጋጀት ይችላሉ። እንደ ሸገር ደርቢ ያሉ ጨዋታዎች ለባለቤቶቹ ቅርብ በሆነው ከተማ ተራ ላይ ቢመደቡ፣ ቢያንስ ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ መመለስ ይቻላል። አንድ ከተማ ሲመረጥም ሲቀርም በየትኛው ሚዛን እንደሆነ በግልጽ ቢነገር፣ የቀረው ከተማ “መብራት ነው የጎደለኝ” ብሎ መብራቱን ይተክላል፤ ካልተነገረው ግን ማማረር ብቻ ይሆናል ሥራው።

እኛም ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች ድርሻ አለን። ስለ ውጤቱና ስለ ዝውውሩ የሚዘግብ ሞልቷል። የሚቀጥለው ዘመን መርሐ ግብር ሲወጣ ግን የከተሞቹን ዝርዝር ይዘን፣ ማን ቀረበ? ማን ራቀ? ለምን? ብለን ብንጠይቅ ለአንባቢው ትልቅ ውለታ ነው። ኳስ ያለ ተመልካች ልምምድ ነውና።