ቤቱ የማን ነው? ስለ ሞንቴቪዴዎ የመኖሪያ ቤት ማኅበራት

በከተማ የሚኖር ሰው ወይ ባለቤት ወይ ተከራይ ነው ብለን እናስባለን። በደቡብ አሜሪካ፥ በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዎ ግን ከሁለቱም ያልሆነ ነዋሪ አለ፤ ይኸውም ለትርፍ ያልቆመ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ነው። ለአከራይ ኪራይ አይከፍልም፤ የሚኖርበትንም ቤት ሊሸጠው አይችልም። ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ አሠራሩን ስንመለከተው ግን ግልጽ ይሆናል።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ከዋናው ከተማ ውጭ በተቋቋሙ ሦስት የሙከራ ማኅበራት ነው። በ1968 የወጣው የቤቶች ሕግ ለማኅበራቱ ሕጋዊ መሠረት ሰጣቸው፤ የመንግሥትም ብድር በር ተከፈተላቸው። በ1970 በእስፓኝ ቋንቋ በአጭሩ ፉክቫም የሚባለውን ፌዴሬሽን አቋቋሙ።

ገንዘብ ያላጠራቀመ ሠራተኛ መዋጮውን የሚከፍለው በጉልበቱ ነው። ይህ የእኛን ደቦ ይመስላል፤ ነገር ግን ደቦ በቀን ወይም በሁለት ቀን ሲያልቅ፥ የእነዚህ ሥራ ዓመት ይሻገራል። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በሳምንት 21 ሰዓት ይሠራል። ከቀን ሥራው የተመለሰው ወንድም ሴትም ጡብ ያቀብላል፥ አሸዋ ይነፋል፥ ሲሚንቶ ያቦካል። ለፕላኑና ለሒሳቡ ባለሙያዎች ይረዷቸዋል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ዕጣው ነው። ብዙውን ጊዜ ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ የትኛው ቤት ለማን እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ስለዚህ የሌላውን ግድግዳ ለብ ለብ አድርጎ የራሱን የሚያሳምር አይገኝም።

ቤቶቹ ካለቁም በኋላ መሬቱና ሕንፃው በማኅበሩ ስም ይቆያሉ። አባሉ የመኖርና የመጠቀም መብት አለው፤ ይህም መብት ለወራሾቹ ይተላለፋል። በየወሩ ከብድሩ የሚደርስበትን ይከፍላል፤ ሥራ ላጣ አባል የሚሆን የመረዳጃ ገንዘብም ይዋጣል። ዋናው ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ሲሆን እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው። ለቆ የሚሄድ ሰው የከፈለው ገንዘብና የሠራው ጉልበት ተተምኖ ድርሻው ይመለስለታል። የቤቱ የገበያ ዋጋ ሦስት እጥፍ ቢያድግ ግን ከዚያ ትርፍ አንዲት ሳንቲም አያገኝም።

ይህ ለአንዳንዱ የሚያስቀይም ነው፤ እውነትም ዋጋ ያስከፍላል። ማታ ማታ ስብሰባ መቀመጥ አለ፤ ክፍያ ያቋረጠን ሰው ደጅ ሄዶ የሚጠይቀውም ባንክ ሳይሆን አብሮት ጡብ ያቀበለው ጐረቤቱ ነው። ከዚህ የከበደ ሥራ ያለ አይመስለኝም።

በአገራችንም ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ቤት ይሠራሉ፤ ነገር ግን ቤቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ የየራሱን ካርታ ይዞ ይለያያል። በኡራጓይም የወታደሩ መንግሥት በ1983 ባወጣው ሕግ የማኅበራቱን ቤቶች ወደ ግል ንብረት ሊያዛውር አስቦ ነበር። የግል ባለቤትነት ስጦታ እንጂ ቅጣት አይደለም የሚል ይኖራል። አባላቱ የተመለከቱት ግን ሌላ ነው፤ ብቻውን ባለ ዕዳ የሆነ ሰው በክፉ ቀን ቤቱን ይሸጣል፤ አንድ ጊዜ የተሸጠው ቤት ደግሞ ለሚቀጥለው ደኻ ሠራተኛ አይደርስም። ስለዚህ በየካቲት 26 ቀን 1984 (እ.ኤ.አ.) በየመንገዱ ወጥተው በአንድ ቀን ከ300,000 በላይ ፊርማ ሰበሰቡ። ሕጉም በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።