የአንዲ ኮል ኩላሊትና የሐይቅ ዳር ሯጮች

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ሯጭ ያያል። አንደኛው በ1996 እና በ1999 ዓ.ም የሊጉን ዋንጫ ያነሳውን የሐዋሳ ከነማን ማሊያ የሚያልም ወጣት ነው። ሌላኛው «ግፊት አለብህ፣ ተንቀሳቀስ» ተብሎ በሐኪም ትዕዛዝ የወጣ ጎልማሳ። ወጣቱ ሽው ብሎ ያልፈውና አሞራ ገደል ወርዶ የአሳ ሾርባውን ፉት ይላል። ግፊት የሽማግሌ በሽታ ነዋ!

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ግን አንዲ ኮልን ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ በ1999 ከቡድኑ ጋር ሦስት ዋንጫ በአንድ ዓመት ያነሳው፣ በፕሪሚየር ሊጉ 187 ጎል ያገባው አጥቂ በ2014 ኩላሊቱ ከዳው። በ2017 ዘመዱ በሰጠው ኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገለት። በሽታው የኩላሊትን ጥቃቅን ማጣሪያዎች ጠባሳ እያደረገ የሚዘጋ ነው። የቅርጫት ኳሱ ግዙፍ አሎንዞ ሞርኒንግም በ2000 ሲድኒ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ባጠለቀ ማግስት ይኸው በሽታ ተገኘበት። በ2003 ኩላሊት ተቀየረለት፣ በ2006 ደግሞ ከማያሚ ሂት ጋር የኤን.ቢ.ኤ ሻምፒዮን ሆነ። ጉድ የሚያሰኝ ነው።

እንዲህ ያለው የኩላሊት ሕመም አብሮት የሚያመጣው ጣጣ የደም ግፊት ነው። የታመመ ኩላሊት ጨውና ውሃ በቅጡ ማስወገድ ያቅተዋል። በዚያ ላይ ደም ያነሰው እየመሰለው ሬኒን የተባለውን ኬሚካል ይረጫል፤ ይኼ ደግሞ የደም ሥሮችን ያጠባል። ግፊቱ ይወጣል። የወጣው ግፊት ተመልሶ ኩላሊቱን ይደበድበዋል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ሁለቱም ወደ ገደል።

ሐኪሞች እንዲህ ከሌላ ሕመም የሚነሳውን ሰከንደሪ ሃይፐርቴንሽን ይሉታል። ግፊት ካለባቸው 100 አዋቂዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ከዚህ ወገን እንደሆኑ ይገመታል፤ በልጆችና በወጣቶች ላይ ድርሻው ከፍ ይላል። ምንጩ ሁልጊዜ ኩላሊት አይደለም። ከኩላሊት በላይ የተቀመጠችው አድሬናል ዕጢ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ከልብ የሚወጣው ዋና የደም ሥር በተፈጥሮ መጥበብ፣ እያንኮራፉ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቋረጥም አሉበት። የመጨረሻው ኳስ አቁመው ክብደት የጨመሩ የቀድሞ ተጫዋቾችን ይመለከታል።

ለስፖርተኛው ግን ትልቁ ነገር መድኃኒት ነው። ጉልበቱን ባመመው ቁጥር ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝቶ የሚውጥ፣ ከጨዋታ በፊት መርፌ የሚወጋ ተጫዋች ስንት ነው? ይህ ማስታገሻ አዘውትረው ሲወስዱት ግፊት ያወጣል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ጡንቻ ማሳበጫ ስቴሮይድና ሯጮችን ከውድድር ያሳገደው ኢፒኦም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ። ስለ ዶፒንግ ሲወራ ቅጣቱ ብቻ ነው የሚወራው፤ ስለ ደም ሥሩ ማን ይናገራል?

እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ምንጩ ከተገኘ አንዳንዱ ግፊት ይድናል። በአድሬናል ዕጢ ላይ የበቀለ እብጠት በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ኪኒን ያቆሙ ሕሙማን አሉ። ሳይፈለግ ከቀረ ግን ሰውየው ዕድሜ ልኩን ኪኒን ሲቆጥር ይኖራል፣ ግፊቱም አይወርድለትም። ስለዚህ ከ30 ዓመት በታች ሆኖ ግፊቱ ከ140/90 በላይ የሆነ፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰደ ያልወረደለት፣ ወይም ደህና የነበረው ግፊቱ ድንገት የናረበት ሰው «ከየት መጣ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። እግር ማበጥና አረፋ የሚበዛው ሽንትም ዝም የሚባሉ ምልክቶች አይደሉም። ታዲያ ኪኒኑን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። ከሩጫ እንደተመለሱ እያለከለኩ መለካትም ቁጥሩን ያሳስታል፤ 5 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማረፍ ያስፈልጋል።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም ወዲህ ነው፤ ኩላሊቱም ከዘመድ የሚገኝ ነው። የሐይቅ ዳሩ ወጣት ግን እዚያ ሳይደርስ የሚጀምርበት ምርመራ ቀላል ነው፦ ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ፣ አንድ ብልቃጥ ሽንትና ክሬቲኒን ለማየት ጥቂት ደም።