የብልሽት ኮድና የብልሽት መንስኤ፦ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሙቀት ሴንሰር ምርመራ

የአውቶማቲክ ካምቢዮ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር የማርሽ ቅያሬን ጊዜና የዘይት ግፊትን ሲወስን የዘይቱን ሙቀት ግምት ውስጥ ያስገባል። ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል። በመሆኑም የሙቀት ሴንሰሩ የተሳሳተ መረጃ ሲልክ ጤናማ ካምቢዮ የተበላሸ ሊመስል ይችላል፦ ማርሽ ዘግይቶ ወይም በኃይል ይገባል፤ የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ ካልሠራም የነዳጅ ፍጆታ ይጨምራል። በብዙ ተሽከርካሪዎች ሴንሰሩ በካምቢዮው ውስጥ ስለሚገኝ እሱን ለመቀየር ዘይት ማፍሰስና ኮፓ ማውረድ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ የብልሽት ኮድ የሚያመለክተው መላውን የኤሌክትሪክ ዑደት እንጂ ሴንሰሩን ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል፤ መንስኤውን የመለያ ዘዴንም ያብራራል።

የአሠራር መርሕ

ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ቴርሚስተር ነው። ኮምፒውተሩ በውስጡ ባለ ቋሚ ሬዚስተር በኩል 5 ቮልት ይልካል፤ በሴንሰሩ ላይ የሚለካውን ቮልቴጅም ወደ ሙቀት ይተረጉማል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ዘይት ከፍተኛ፣ ትኩስ ዘይት ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያስገኛል። ዑደቱ ሲቋረጥ ቮልቴጁ ወደ 5 ይጠጋል፤ የምርመራ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ -40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያነባል፤ ኮዱም ፒ0713 ነው። ሽቦዎቹ ሲነካኩ ግን ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ንባቡ ከተፈጥሯዊው እጅግ የላቀ ሙቀት ይሆናል፤ ኮዱም ፒ0712 ነው። ፒ0711 ከሁለቱ ይለያል፦ ቮልቴጁ በተፈቀደው ወሰን ውስጥ ቢሆንም ንባቡ ከተሽከርካሪው ሁኔታ ጋር አይጣጣምም።

የመለያ ፍተሻ

ንባቡ እጅግ ከፍተኛ ከሆነ የካምቢዮው ሶኬት ይነቀላል። ንባቡ ወደ -40 ከወረደ የውጭው ሽቦና ኮምፒውተሩ ደህና ናቸው፤ ጉድለቱ በሴንሰሩ ወይም በካምቢዮው ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ ነው። ካልተለወጠ ግን ምርመራው ወደ ውጭው ሽቦ ይዞራል። ንባቡ ከመነሻው -40 ከሆነ ደግሞ በተነቀለው ሶኬት የኮምፒውተር ወገን የሴንሰሩ ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ፤ ንባቡ ወደ ከፍተኛው ከዘለለ ጉድለቱ በካምቢዮው ውስጥ ነው። በዚሁ ሶኬት የሶሌኖይድ መስመሮችም ስለሚያልፉ፣ የሴንሰሩን ጫፎች በአምራቹ የሽቦ ሥዕል ሳያረጋግጡ ማገናኘት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ለፒ0711 ከሁሉ የሚቀለው ፍተሻ ንጽጽር ነው። ተሽከርካሪው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ፣ የማቀዝቀዣ ውሃው፣ ወደ ሞተር የሚገባው አየርና የካምቢዮ ዘይቱ ተቀራራቢ ሙቀት ሊያሳዩ ይገባል። በጉዞ ጊዜም የዘይቱ ንባብ ሳይዘልና ሳይቆም ቀስ በቀስ መጨመር አለበት። የሬዚስታንስ ልኬትም ቢያንስ በሁለት የሙቀት ደረጃዎች ተወስዶ ከአምራቹ ሠንጠረዥ ጋር መነጻጸር ይኖርበታል፤ በአንድ ነጥብ ትክክል የሆነ ሴንሰር በሌላው ሊሳሳት ይችላልና።

ማጠቃለያ

የዘይት መለኪያ ዘንግ በሌላቸው ካምቢዮዎች የዘይቱ መጠን የሚረጋገጠው በተወሰነ ሙቀት ላይ ነው። ስለሆነም ያልተመረመረ ሴንሰር ዘይቱ ያለ ልክ እንዲሞላ በማድረግ ጤናማውን ካምቢዮ በእርግጥ ሊያበላሽ ይችላል። ኮዱ የምርመራው መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም።