አድማጭ የሚያኖረው ሬዲዮ

የንግድ ሬዲዮ ጊዜን በሰከንድ ይሸጣል። አንድ ፈላስፋ ስለ ሞት ማውራት ቢጀምር፣ ሐሳቡን ሳይቋጭ የሳሙና ማስታወቂያ ይገባበታል። ሉዊስ ሂል ይህ ያንገሸገሸው አሜሪካዊ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያ አላነሣም በማለቱ በሲቪል የሥራ ካምፕ ቆይቷል፤ ኋላም ዋሽንግተን ውስጥ በሬዲዮ ዜና ሠርቷል። በ1946 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር ፓሲፊካ የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁም ዓላማው በሰዎችና በሕዝቦች መካከል ጠብ ከየት እንደሚመነጭ በአየር ላይ ማወያየት ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. ኬ ፒ ኤፍ ኤ የተባለው ጣቢያ በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ ሥርጭት ጀመረ።

ወጪውን ማን ይሸፍን? ሂል መልሱን በስሌት አዘጋጅቶ ነበር። ጣቢያው ከሚደርሳቸው ሰዎች 2 በመቶው ብቻ በፈቃዳቸው በየዓመቱ ቢያዋጡ ይበቃል አለ። የቀረው 98 በመቶ በነጻ ይሰማል። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን ኤፍ ኤም የሚይዝ ሬዲዮ ያለው ቤት እንኳ ጥቂት ነበር። እንደተፈራውም በ1950 ገንዘቡ አለቀና ጣቢያው ዝም አለ። ወደ አየር የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው።

አድማጮች በሚያዋጡት ገንዘብ የተገዛው ዋናው ነገር ጊዜ ነው። የቀድሞው ቄስ አለን ዋትስ በ1953 ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ ስለ ዜን ቡድሂዝምና ስለ ምሥራቁ ዓለም መንፈሳዊነት ያለ ማስታወቂያ ማውራት ጀመረ፤ በ1973 ካረፈ በኋላም ቅጂዎቹ በየጊዜው ይሰማሉ። በ1954 ደግሞ እንግዶች ማሪዋና ማጨስ ምን እንደሚመስል በግልጽ ተወያዩ፤ የግዛቲቱ ባለሥልጣናት ቴፑን ወረሱ። የፊልም ሐያሲዋ ፖሊን ኬልም ስሟ ከመግነኑ በፊት እዚያ ሐሳቧን ታካፍል ነበር። ክፍያ አልነበራትም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህ መረራትና ጣቢያውንም አድማጩንም እዚያው በአየር ላይ ወቅሳ ተሰናበተች። እውነት ነበራት፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ስለ ፍትሕ ሲያወራ ውሎ የራሱን ሰዎች ድካም በምስጋና ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፓሲፊካ በኋላ በሎስ አንጀለስ፣ በኒው ዮርክ፣ በሂውስተንና ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባት ዋሽንግተን ጣቢያዎች አፈራ። የሂውስተኑ ታሪክ የተለየ ነው። ኬ ፒ ኤፍ ቲ በ1970 ሥራ በጀመረ በሁለት ወር ገደማ ማሰራጫው በፈንጂ ጋየ። ተጠግኖ ሲነሣ በዚያው ዓመት እንደገና አፈነዱት። አድራጊዎቹ የነጮችን የበላይነት የሚሰብከው የኩ ክለክስ ክላን ሰዎች ነበሩ፤ አንዱም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ። ጣቢያው ግን በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሥርጭቱን ቀጠለ።

ከፈንጂው ይልቅ ፓሲፊካን የጎዳው የቤት ውስጥ ጠብ ነው እላለሁ። ሁሉም ባዋጣበት ቤት ሁሉም ጌታ ነው። በ1999 የፓሲፊካ የበላይ ቦርድ የኬ ፒ ኤፍ ኤን ሠራተኞች ከስቱዲዮ አስወጥቶ በሩን ሲዘጋ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ አድማጮች በበርክሌይ ጎዳናዎች ተሰለፉ፤ በሩም ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ አድማጮች የየጣቢያቸውን ቦርድ ይመርጣሉ። ምርጫው ዴሞክራሲ ነው፤ ጭቅጭቁም አብሮ መጥቷል። ብዙ ጉልበት ስለ ዓለም ከመነጋገር ይልቅ ማን ወንበሩን ይይዛል በሚል ክርክር ያልቃል። ያም ሆኖ የተዘጋ በሩን ለማስከፈት አድማጭ አደባባይ የሚወጣለት የንግድ ጣቢያ አላውቅም።

ኬ ፒ ኤፍ ኤ ዛሬም በ94.1 ኤፍ ኤም አለ፤ በኢንተርኔት ከአዲስ አበባም ይደመጣል። በርክሌይ እንደ ወቅቱ ከእኛ በ10 ወይም በ11 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትሆን የእነርሱን የማለዳ ፕሮግራም አመሻሽ ላይ ታገኙታላችሁ። የመዋጮ ማሰባሰቢያ ሰሞን ከገጠማችሁ ትዕግሥት ያዙ፦ ጥሩውን ወግ እያቋረጡ ገንዘብ ይለምናሉ።